ከንፈሩ ስለተንቀሳቀሰ

የጀማል የሞት ማስታወቂያ በፋብሪካችን መግቢያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈበት ጠዋት፣ ሁለት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኞች ከፊቴ ቆመው ያነቡ ነበር።

«የትኛው ጀማል ነው?» አለ አንደኛው።

«የመጋዘኑ ነዋ! ያ ፈተና ሲሰርቅ የተያዘው።»

«እህ፣ እሱ ነው? ነፍስ ይማር» አለና ወደ ሥራው ሄደ።

ሰው ኖሮ ኖሮ ሲሞት ከስሙ ጎን አንድ ዓረፍተ ነገር ትቀርለታለች። ደግ ነበር፣ ቁጡ ነበር፣ ዓሣ ይወድ ነበር ይባላል። ለጀማል የቀረችለት ዓረፍተ ነገር ይህች ናት፤ ሐሰትም ናት። ሐሰት መሆኗን ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ፣ ዝም ብል የሐሰቱ ተካፋይ እሆናለሁ።

እኔ አያሌው እባላለሁ፤ በባሕር ዳር በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥሁት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። እንግሊዝኛውንም፣ የሂሳብ አያያዙንም፣ ኮምፒውተሩንም ያገኘሁት በራሴ መከራ ነው። ስለዚህ የሚያጠና ሰው አከብራለሁ፤ የማያጠና ሰው ፊቱን ባላየው ደስ ይለኛል። ልጆቼ ይህን ጠባዬን ጭካኔ ይሉታል። ይበሉት።

ጀማል የወረታ ሩዝ ነጋዴ ልጅ ነው። እኔ ዘንድ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ሠላሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር። ከመቀመጡ በፊት ጠረጴዛውን በመዳፉ ይጠርጋል። በዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ይህ ከንቱ ድካም ነው፤ እጅህን ሳታነሳ ጠረጴዛው መልሶ ይነጣል። እሱ ግን ሳይጠርግ ተቀምጦ አያውቅም። መጀመሪያ ሳቅሁበት። ዋል አደር ሲል ዕቃ ሲቆጥርም፣ ሲጽፍም፣ ሲናገርም እንዲያው መሆኑን አየሁና ሳቄን ተውሁ።

ቀልድ ያውቃል። አንድ ዓመት የእኔ ሁዳዴና የእሱ ረመዳን ገጠሙ። በምሳ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንተያያለን።

«ጋሼ፣ እርስዎም እኔም ከጾምን ሻይ ቤቷ መክሰሯ ነው» አለኝ።

«አንተ ደግሞ ለሰው ኪሳራ ታዝናለህ?»

«የነጋዴ ልጅ ነኝ እኮ! ለኪሳራማ ማን እንደ እኔ ያዝናል?»

ከሌላው የለየው ነገር ግን አፕ መሥራቱ ነው። በፊት አንድ መካኒክ ኩሽኔታ የመሰለ የወፍጮ መለዋወጫ ሲፈልግ መጠየቂያ ወረቀት ይሞላል፤ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ያስፈርማል፤ እሱ ሲዞር ወፍጮው ይቆማል። ጀማል ይህን አይቶ ዝም አላለም። ሎው ኮድ የሚሉት አሠራር አለ። ረጅም ኮድ ሳይጽፉ፣ በስክሪን ላይ የተዘጋጁ ክፍሎችን እየጎተቱና እያያያዙ ለመሥሪያ ቤት የሚሆን መተግበሪያ መሥሪያ ነው። ይህን በራሱ ተምሮ የመጋዘናችንን አፕ ሠራ። መካኒኩ ከማሽኑ አጠገብ ሆኖ በፋብሪካው ዋይፋይ በስልኩ ይጠይቃል፤ አለቃው በስልኩ ያጸድቃል፤ እኔ ዕቃውን አወጣለሁ።

«መጀመሪያ የሚወሰነው ማን ምን እንደሚያይ ነው» ይለኝ ነበር። «ቤቱ ሳይቆም መጋረጃ አይመረጥም፣ ጋሼ።»

ሥራ አስኪያጁ አፑን ሊያይ የመጣ ቀን የሆነውን አልረሳውም። ስልኩን አገላብጦ አየና «የገባ መዝገብ እንዴት ነው የማጠፋው?» አለ።

«አይጠፋም» አለ ጀማል።

«እኔ እኮ ሥራ አስኪያጅ ነኝ!»

«ልክ ነው። ማየት ይችላሉ፣ ማጽደቅ ይችላሉ፣ መከልከልም ይችላሉ። የተደረገውን እንዳልተደረገ ማድረግ ግን ለማንም አልተፈቀደም። ለእኔም አልፈቀድሁም።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ የሳቀው በጥርሱ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ አፑ ጠቃሚ መሆኑን አይቷልና በፋብሪካው ሁሉ እንዲሠራበት ወሰነ። ይህን የሚመራ አዲስ የሥራ መደብም ተከፈተ። ቦታው ግን የሙያ ምስክር ወረቀት ላለው ሰው ብቻ ነው ተባለ። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ሶፍትዌሩን የሠራው የውጭ ኩባንያ ነው፤ ፈተናው በኢንተርኔት ነው። አፑን የሠራው ሰው አፑን መሥራት እንደሚችል ከባሕር ማዶ ማስመስከር አለበት ማለት ነው። ጀማል አላጉረመረመም። «ደንብ ደንብ ነው፤ እናጠናለን» አለ።

እኔም በዚያ ጊዜ ልጄን ዳዊትን ወደ እሱ ወሰድሁት። ዳዊት በኮምፒውተር ትምህርት ተመርቆ ሥራ አጥቶ ፋሲሎ ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ ግድግዳ ሲያይ ይውል ነበር። «ይህን ልጅ አብረህ አስጠናው። ቢሰንፍ ንገረኝ» አልሁት።

«ቢጎብዝስ ልንገርዎት?» አለኝ።

«እሱን እኔ አየዋለሁ።»

በግጭቱ ምክንያት የስልክ ኢንተርኔት የተቋረጠበት ዘመን ነው። ጀማል ትምህርቱን በቢሮው መስመር አውርዶ ይይዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ጣና ዳር ሄደን ከአንድ ዋርካ ሥር እንቀመጣለን። እኔ ጥያቄውን አነብባለሁ። ዳዊት በሆዱ ያስባል። ጀማል ግን ድምፁን አውጥቶ ነው የሚያጠናው። ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተወዛወዘ፣ ጥያቄውን ደግሞ ይለዋል፤ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ይላቸዋል፤ የማይሆኑትን በድምፅ ይጥላል፤ የሚሆነውን በድምፅ ያነሳል። ሠንጠረዥ ከሠንጠረዥ እንዴት እንደሚያያዝ፣ ጸሐፊው የራሱን ጥያቄ ብቻ እንዲያይ ምን እንደሚደረግ፣ ሁሉም ዜማ አለው።

ልጅ ሳለ ወረታ ቁርአን የቀራው እንዲህ ነው። «ዓይኔ ያየውን እረሳዋለሁ፤ አፌ ያለውን ጆሮዬ ሲሰማው ነው የሚገባኝ» ይል ነበር። እኔ ይህን አልነቀፍሁም። የእኛም መዝሙረ ዳዊት ደጋሚ እንዲያ አይደል? በአገራችን ማንበብ ማለት ለብዙ ዘመን በድምፅ ማንበብ ነበር።

አንድ ቀን ታንኳውን ወደ ዳር የሚያስጠጋ ዓሣ አጥማጅ ቆሞ ሲያዳምጠው ቆየና «አባት፣ ይኼ ሰው ስለ ምንድን ነው እንዲህ የሚጸልየው?» አለኝ።

«ለሥራ ነው።»

«እኛም ለሥራ እንጸልያለን፤ ዓሣውን ግን አናስደነብርም» ብሎ እየሳቀ መቅዘፊያውን አነሳ። ጀማል ዓይኑን ሳይገልጥ ሳቀና ጥያቄውን ከቆመበት ቀጠለ።

ፈተናው ሲቃረብ ዳዊት አንድ ፍላሽ ይዞ መጣ። በውስጡ ደምፕ የሚሉት አለ። ከእውነተኛው ፈተና ተሰርቀው የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ማለት ነው።

«ጀማል፣ ይቺን ብቻ መሸምደድ ነው፤ አለቀ። አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ በዚች ነው የሚያልፉት» አለው።

«ጥያቄዎቹን ማን አወጣቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ቴሌግራም ላይ ነው የተገኘው።»

«በባለቤቱ ፈቃድ ነው የወጡት?»

«ሙድ አትያዝብኝ! የውጭ ኩባንያ እኮ ነው፤ ምን ይጎድልበታል?»

ጀማል ፍላሹን መልሶ በልጄ መዳፍ ላይ አኖረለትና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈለት። «ዳዊቴ፣ ነገ ወፍጮ ሲቆም መካኒኩ የሚጠራው አንተን ነው፤ ቴሌግራሙን አይደለም» አለው።

እኔ ደግሞ «አጥፋው» አልሁ። ዳዊት «እሺ አባባ» አለ።

ጀማል የተፈተነው ጠዋት በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው፤ የማይቆራረጥ መስመር ያለው እዚያ ብቻ ስለነበር። የፈተናው ደንብ ጥብቅ ነው። ተቆጣጣሪው ከሩቅ አገር ሆኖ በካሜራ ፊትህን ያያል፣ በማይክራፎን ድምፅህን ይሰማል። ክፍሉን ዙሪያውን ታሳያለህ፤ ብቻህን ትሆናለህ፤ መነጋገር ክልክል ነው። ደንቡን አስቀድመን አብረን አንብበነዋል። መነጋገር የሚለውን ስናነብ «ከማን ጋር እነጋገራለሁ? ብቻዬን ነኝ» ብሎ አለፈው። እኔም አለፍሁት። በድምፅ ማንበብ ከንግግር የሚቆጠር መሆኑ ለሁለታችንም በሐሳባችን አልመጣም።

እኔ ከበሩ ውጭ ወንበር ይዤ ጠበቅሁ። ጥቂት ቆይቶ ድምፁ በበሩ ስንጥቅ ይመጣ ጀመር፤ ያው የዋርካው ሥር ዜማ፣ ዝግ ብሎ። ደስ አለኝ። እየሄደለት ነው አልሁ። ዝም አለ። እንደገና ተሰማ። ደግሞ ዝም አለ። ከዚያ በሩ ተከፈተ፤ የፈተናው ሰዓት ገና ግማሹም አልሄደም።

«ጨረስህ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ አሉኝ።»

ተቆጣጣሪው በጽሑፍ አስጠንቅቆት ነበር። አፉን ገጠመ። አንድ ጥያቄ ከበድ ሲለው ከንፈሩ በራሱ ተነሳ፤ ደግሞ ማስጠንቀቂያ መጣለት። በመጨረሻ ስክሪኑ ጠፋ። በማግስቱ ከኩባንያው የመጣው ኢሜይል ፈተናው በማጭበርበር ጥርጣሬ መቋረጡን ይገልጻል። በክፍሉ ውስጥ ላለ ሌላ ሰው ጥያቄ እያነበበ አስተላልፏል ማለታቸው ነው። አቤቱታ ጻፈ፤ እኔም በምችለው እንግሊዝኛ ምስክርነቴን ጨመርሁ። ውሳኔው ጸንቷል፤ ከወራት በኋላ ግን እንደገና መፈተን ይችላል የሚል መልስ መጣ።

ኢሜይሉ የመጣው በፋብሪካው አድራሻ ስለነበር ወሬው ከእኛ ቀድሞ ምሳ ቤት ደረሰ። ጥርጣሬ የምትለዋ ቃል በመንገድ ላይ ወደቀች፤ ማጭበርበር የምትለዋ ብቻ ደረሰች። ሰው ክፉ ወሬ ሲቀበል አያበጥርም፤ ከነገለባው ይውጠዋል።

በመካከሉ ዳዊት ተፈተነና አለፈ። ቤቱ እልል አለ። እኔ ግን ወዲያው «ይህ ጥያቄ ለምን እንዲህ ይመለሳል?» ብዬ አንዱን ጠየቅሁት። አያውቀውም። ሌላ ጠየቅሁት። መልሱን ያውቃል፤ ምክንያቱን አያውቅም።

«ፍላሹን አላጠፋኸውም» አልሁ።

«አላጠፋሁም» አለ። «ጀማል በንጽሕናው ምን አገኘ? ሌባ ተባለ አይደል? እኔ ምን ልሁን አባባ?»

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ዘርግፌ ነገርሁት።

«ወረቀቱ ሐሰተኛ ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ኩባንያው ሰርዞታል?»

«አልሰረዘም።»

«ታዲያ ጋሽ አያሌው፣ ልጅዎን ከእንጀራው ሊነቅሉ ነው የመጡት?»

«እውነቱን ልነግርዎት ነው የመጣሁ።»

«ነገሩኝ፤ ሰማሁ» አለና ስልኩን አነሳ። ዳዊት ለጊዜው በሚል ቦታው ላይ ተቀመጠ። ጀማል ሁለተኛውን ፈተና ካለፈ ይታያል ተባለ።

ለጀማል ራሴ ነገርሁት። እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ጠረገና «ልጅዎን አይጣሉት፣ ጋሼ። እኔን የጣለኝ እሱ አይደለም» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ቅያሜ ፈልጌ አጣሁ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ይቅር አልልም ነበር፤ አሁንም የምል አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ማየት ከባድ ነበር። ጀማል አፉን ዘግቶ ማጥናት ሊለማመድ ተነሳ። ጣና ዳር ስንቀመጥ ከላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይጎነጭና ሳይውጥ በአፉ ይይዘዋል። እኔ ጥያቄውን ከፊቱ አኖራለሁ፤ እሱ ጉንጩን ነፍቶ በዓይኑ ያነብባል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ውኃው በአገጩ ይወርዳል፤ ሸሚዙ ይርሳል። እንደገና ይጎነጫል። መወዛወዙንም ለመተው ጀርባውን ከዋርካው ግንድ ጋር በነጠላ አስሮ የተቀመጠበት ቀን ነበር። የሚያልፉ ወጣቶች ቆመው ይስቃሉ። እሱ አፉ ውኃ ነውና አይመልስም። እኔ ድንጋይ አንስቼ አባረርኋቸው።

በመጨረሻ ተሳካለት። ውኃው አይፈስም፤ ከንፈሩ አይነቃነቅም። ፊቱ ግን የሌላ ሰው ፊት ሆነ። ጥያቄውን ያይና ያይና፣ ውኃውን ተፍቶ «ጋሼ፣ ይቺን አውቃታለሁ፤ የት እንዳስቀመጥኋት ግን ጠፋኝ» ይለኛል። በድምፅ በል ስለው ወዲያው ያገኛታል።

«ቢቀርብህስ?» አልሁት አንድ ቀን።

«ቦታውን ብተወው ግድ የለኝም፤ ወንድሜ ወፍጮ ቤት አለው። ስሜን ግን እንደዚህ አድርጌ ትቼው አልሄድም። አባቴ ሰምቷል።»

ሁለተኛውን ፈተና በዚያው ቢሮ ተፈተነ። በበሩ ስንጥቅ ምንም አልመጣም። ተቆጣጣሪው አንድም ማስጠንቀቂያ አልጻፈም። ሰዓቱን ሙሉ ተቀምጦ ጨረሰ፤ ለማለፍ ጥቂት ጎደለው።

ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ዛሬ ማንም አልከሰሰኝም» አለ። «ወደቅሁ ብቻ።»

ምሳ ቤት የተባለውን ግን ራሴ ሰማሁ። «አያችሁት? ሳይሰርቅ ሲቀርብ ወደቀ!» ንጹሕነቱን ሊያሳይ የሄደበት መንገድ የክሱ ማስረጃ ሆነበት። ብዙ ዓመት ኖሬ ብዙ ግፍ አይቻለሁ፤ ሰው በገዛ ታማኝነቱ ሲታሰር ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጀማል የሥራ መልቀቂያውን ሰጥቶ ወረታ ገባ፤ ከወንድሙ ጋር ሩዝ መፈልፈል ጀመረ። አንዳንዴ ይደውልልኛል፤ ስለ አፑ ይጠይቃል፤ ዳዊት የተቸገረበት ነገር ካለ በስልክ ያስረዳዋል። ልጄ ሲያዳምጠው ፊቱ ይቀላ ነበር። ከዚያ ሆዱን አመመው። ትርፍ አንጀት ነበር። በግጭቱ መንገዱ በተዘጋበት ሰሞን ነውና ባሕር ዳር ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ የሚያድኑት ነገር አልቀረም። ቀላል ሕመም ነበር። መንገድ ቢኖር ኖሮ ብዬ ማሰብ ከጀመርሁ አላቆምም፤ ስለዚህ አልጀምርም።

መንገዱ ሲከፈት ለቅሶ ልደርስ ተነሳሁ። ዳዊት «አባባ፣ እኔ ምን ዓይን አለኝና?» አለ። «ባለህ ዓይን ትመጣለህ፤ አስተማሪህ ነው» አልሁት።

አባቱ ሐጂ ኑሩ ግቢያቸው ውስጥ በተዘረጋው ድንኳን፣ በምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች፣ የሩዝ ነጋዴዎች፣ ጎረቤቶች ሞልተዋል። አጽናናኋቸው። እጄን ይዘው አልለቀቁኝም።

«አንተ ነህ አያሌው? ስላንተ ይነግረኝ ነበር» አሉ። ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ፣ ሁሉ እየሰማ፣ «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልጄ ሰርቋል ወይ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ሰው ፊት የጠየቁት፣ ወሬውም ሰው ፊት ስለተወራ ነው።

«አልሰረቀም፣ ሐጂ» አልሁ። «ልጅዎ ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ወንጀሉ ይኸው ነው። የተሰረቀ ጥያቄ መጥቶለት አልቀበልም ብሎ መልሷል፤ ዓይኔ አይቷል። በተሰረቀ ጥያቄ አልፎ የልጅዎ ቦታ ላይ የተቀመጠው ይህ አጠገቤ ያለው ነው። የእኔ ልጅ ነው።»

ዳዊት ራሱን ወደ ጉልበቱ አቀረቀረ። አንድ ሰው «ያ ረቢ!» ሲል ሰማሁ።

ሐጂ ኑሩ እጄን ለቀቁኝ። «ወንድሜ» አሉኝ፣ «ለእውነትህ አላህ ይስጥህ። ግን ለሞተው ብለህ ያለውን አትግደል።»

ከዚያ በሰው ተደግፈው ተነሡ፤ መጥተው ዳዊትን በክንዱ አስነሡትና ከራሳቸው አጠገብ፣ የጀማል ወንድሞች በተቀመጡበት በኩል አስቀመጡት።

«በልጄ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል አሉ» አሉት።

«አዎ» አለ ዳዊት።

«እንግዲያስ ሥራውን ተማረው። ወንበሩን ተው ብልህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ተማረው።»

ዳዊት እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሳቸው ግን ወደ ሌላ ለቀስተኛ ዞረው ነበር።

ከወረታ ስንመለስ ልጄ አላናገረኝም። ዛሬም ከሰላምታ ያለፈ አያናግረኝም። ሰው ፊት ያዋረድሁት ይመስለዋል፤ አዋርጄዋለሁ። ሐጂ ኑሩ ልክ ነበሩ፤ እኔም ልክ ነበርሁ ብዬ አምናለሁ። ሁለት ልክ ነገር አንድ ቤት ውስጥ ሲገባ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

ጠዋት ጠዋት አብረን ወደ ፋብሪካው እንሄዳለን። ሥራውን ተምሮት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። መካኒኮቹ በስልካቸው ይጠይቃሉ፤ አለቃቸው ያጸድቃል፤ እኔ ኩሽኔታውን አወጣለሁ። ጀማልን ሌባ ነበር የሚል ሰው እኔ ባለሁበት የለም። እኔ በሌለሁበት የሚሉትን አውቃለሁ።